ሰማያዊ ያልሆነው ስፖንጅ

አጎቴ አይሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪናውን ለመሸጥ ሲወስን ደላላው የሰጠው የመጀመሪያ ምክር አጭር ነበር። «ጋሼ፣ ሞተሯ ደህና ነው፤ ፊቷ ግን ሞቷል። ፖሊሽ ያስደርጓት።» በዚያ ሳምንት እኔ እረፍት ላይ ነበርኩ። መኪናዋን ቄራ አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ወስዶ ማሠራት የእኔ ድርሻ ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ ጋቢና ሲወለወል ቆሜ አየሁ፤ በሁለተኛው ቀን ማሽኑን ይዤ ትንሽ ወለወልኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ለሽያጭ የሚቀርብን ነገር ማሳመር እስከ የት ድረስ ሥራ ነው? ከየት ጀምሮስ ውሸት ይሆናል?

ጫፍና ጫፉ ግልጽ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቤቱን የማይጠርግ የለም፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲሄድ ሸሚዙን የማይተኩስ የለም። ይህን ማታለል የሚለው ሰው አላውቅም። በሌላው ጫፍ ደግሞ በርበሬ ውስጥ የተፈጨ ሸክላ የሚቀላቅለው ነጋዴ አለ፤ ለእሱም የሚከራከርለት አይገኝም። የሚያስቸግረው መሃሉ ነው። የተወለወለ መኪና የሚቆመው ደግሞ እዚያው መሃል ላይ ነው።

መኪናዋ ሰማያዊ ናት። ለዓመታት ከቢቸናና ከደጀን ጤፍ እየጫነች እህል በረንዳ ስታራግፍ ኖራለች። ፀሐዩና አቧራው ቀለሟን አመድ አስመስለውት ነበር፤ በጣት ሲነኩት እንደ ጠመኔ ይቦናል። ሥራውን የያዙት ጋራዡ ውስጥ ሁሉም «አለቃ» የሚላቸው ሰውዬ ናቸው። ማሽናቸው ሮታሪ የሚባለው ዓይነት ነው። በአንድ ዘንግ ላይ ብቻ ይሽከረከራል፤ እንደ አስተካከሉት በደቂቃ ከ600 ዙር ገደማ እስከ 3,000 ዙር ይደርሳል። ጫፉ ላይ ክብ ስፖንጅ ይለጠፋል። ጠጠር ያለው ስፖንጅ ለመቁረጥ፣ ለስላሳው ለማጥራት ነው።

አለቃ መኪናዋን አሳጥበው ካደረቁ በኋላ ማሽኑን ወዲያው አላነሱም። የጋቢናውን ጠርዞች በወረቀት ፕላስተር ሸፈኑ፤ ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ ነው፣ ሮታሪ ደግሞ ያግላል፣ አንድ አፍታ ከዘገዩበት ቀለሙን አልፎ ብረት ያወጣል። ከዚያ ከፊት ለፊቱ ላሜራ ላይ አንድ ክንድ የማትሞላ ካሬ ቦታ መረጡ። እዚያች ላይ ብቻ ትንሽ ኮምፓውንድ አድርገው፣ ማሽኑን በዝግታ አስነስተው፣ ወደ 1,200 ዙር ግድም ከፍ አድርገው ወለወሉ። አበሱት፤ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ለምን ሁሉንም አይጀምሩትም?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ ትጠይቀዋለሃ! ቀለሙ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚችል ትንሿ ቦታ ትነግርሃለች። ሳትጠይቅ ከገባህ የሰው ንብረት ታበላሻለህ።»

ይህችን የሙከራ ቦታ አስታውሱልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ፖሊሽ ማለት ጭረትን በሆነ ነገር መሙላት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ጭረት ማለት የቀለሙ ገጽ ላይ ያለ ትንሽ ሸለቆ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ቀጥ ብሎ አይመለስም፣ ይበተናል፤ የደበዘዘ የሚመስለን ለዚህ ነው። ኮምፓውንዱ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ብናኞች ሸለቆውን አይሞሉትም፤ ግራና ቀኙን ይፍቁና ገጹን ወደ ሸለቆው ወለል ያወርዱታል። አለቃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት፦ «ጭረቱን አይደለም የምታነሳው፣ ዙሪያውን ነው ወደ ጭረቱ የምታወርደው።»

ስለዚህ እያንዳንዱ ውልወላ ወጪ አለው። ፋብሪካ የቀባው ቀለም ከነንብርብሩ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛው እጅ ብዙም አይርቅም። ከላይ ክሊር ያለበት ከሆነ ክሊሩ ብቻውን ከዚያ ግማሹን እንኳ ላይሞላ ይችላል። ከዚያች ስስ ቆዳ ላይ ነው ውበት የሚገዛው። በሕይወት ዘመኗ አንዲት መኪና ከልብ መወልወል የምትችለው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚወለወል ነገር አይኖርም።

ወጪ የሌለው ብልጭታም አለ። ዘይት ወይም ሰም የበዛበት ቅባት ቀብቶ ማበስ ነው፤ ጭረቶቹ ለጊዜው ይሞላሉ፣ መኪናው ያብረቀርቃል፣ ከጥቂት እጥበት በኋላ ግን ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሌላው ደግሞ በሮታሪ በጥድፊያ ቆርጦ በለስላሳው ስፖንጅ ሳያጠሩ መተው ነው። እንዲህ የተሠራ መኪና በጥላ ሲያዩት መስታወት ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲያወጡት ግን ማሽኑ የሄደበት መንገድ ሁሉ እንደ ጥላ እየተወዛወዘ ይታያል። አንዳንድ ደላላ መኪና ወደ ማታ ላይ ማሳየት የሚወደው በከንቱ አይደለም።

አለቃ ግን አንዱን ክፍል በጨረሱ ቁጥር በአልኮል የራሰ ጨርቅ ያሳልፉበታል። አልኮሉ የቀረውን ዘይት ሁሉ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ የሚታየው ብልጭታ የቀለሙ የራሱ ነው። ቅኔ ቤት ስለ ሰምና ወርቅ የሚባለው ትዝ አለኝ፤ እዚህ ሰሙን የሚያነሳው አልኮል ነው፣ ከሥር ወርቅ ይኑር አይኑር ያኔ ይታወቃል።

በመጀመሪያው ቀን ማታ ለጥያቄዬ መልስ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ሐቀኛ ብልጭታ የሚከፈልበት ነው፤ ውሸተኛው በነጻ የሚመጣው ነው። ቤቱን የሚጠርግ ሰው ጉልበቱን ከፍሏል፤ አቧራውን ምንጣፍ ሥር የሚያስገባ አልከፈለም። ሐሳቡ ደስ አሰኝቶኝ ተኛሁ። በማግስቱ በሩ አፈረሰው።

የዚህ መኪና የፋብሪካ ቀለም ክሊር የለውም። ክሊር የሌለው ቀለም ሲወለወል ስፖንጁ የመኪናውን ቀለም ይይዛል፤ እኛም ቀኑን ሙሉ ስፖንጅ ስናጥብ ውሃው ሰማያዊ ሲሆን ነው የዋልነው። በሁለተኛው ቀን አለቃ ማሽኑን ሰጡኝና የቀኙን በር ጀመርኩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ማሽኑን ሳነሳ ስፖንጁ ነጭ ነው፤ የኮምፓውንዱ ነጭ። አለቃ ስፖንጁን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ይሄ በር ተነክቷል።»

አዎ፣ ተነክቷል። ከአራት ዓመት በፊት ዓባይ በረሃ ስትወርድ ከተቃራኒ ለሚመጣ መኪና መንገድ ልልቀቅ ብላ ቀኝ ጎኗን ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር ፈትጋው ነበር። ሰው አልተጎዳም። በሩ ተቀጥቅጦ ተቃና፣ ስቱኮ ተመረገ፣ ተቀባ፣ ላዩ ላይ ክሊር ተረጨ። ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ ነው። ለአለቃ ነገርኳቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ጥሩ አድርገው ነው የሠሩት» ብለው ማሽኑን መለሱልኝ። በሩን ጨረስኩት። በአልኮል አበስኩት። ምንም የተደበቀ ዘይት አልነበረም፤ ብልጭታው የራሱ ነበር፣ ተከፍሎበታል። ሆኖም በሩ አሁን ከበፊቱ ይልቅ ከጋቢናው ጋር አንድ መስሏል። በፊት ጋቢናው አመዳም፣ በሩ ደግሞ ደመቅ ያለ ስለነበር ልዩነቱን ልጅም ያየው ነበር። እኔ ያንን ልዩነት አጠፋሁት። አንድም ሐሰተኛ ነገር ሳልጨምር መኪናዋ ስለራሷ ትናገር የነበረውን እውነት ቀነስኩባት።

ይህ ጥያቄ ከእኛ ጋራዥ በጣም ይበልጣል፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት «ስለ ግዴታዎች» በሚለው መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ላይ ሁለት የስቶይክ ፈላስፎችን፣ የባቢሎኑን ዲዮጋንስንና ተማሪውን አንቲጳጥሮስን፣ ያከራክራቸዋል። ክርክሩም እንደ እኛ መኪና እህል የጫነ ነው። በሮድስ ደሴት ረሀብ ገብቷል። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። ሌሎች መርከቦችም እህል ይዘው ከኋላው እየመጡ መሆኑን ያውቃል። ለሮድስ ሰዎች ይንገራቸው? ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ዲዮጋንስ፣ ሻጭ ሕጉ የሚያዘውን ጉድለት ከተናገረና ካላጭበረበረ ይበቃል፤ ዝም ማለትና መደበቅ አንድ አይደሉም ይላል። አንቲጳጥሮስ ግን ሰው የተፈጠረው ለሰው ነው፤ ገዥውን የሚጠቅመውን ነገር እያወቅህ ልትነፍገው አይገባም ይላል። ሲሴሮ ራሱ ያደላው ወደ አንቲጳጥሮስ ነው። እሱ እንደሚለው ዝምታ ሁሉ መደበቅ አይደለም፤ አንተ የምታውቀውን፣ ሊያውቁት የሚጠቅማቸው ሰዎች ለአንተ ትርፍ ሲባል እንዳያውቁት ስትፈልግ ግን ያ መደበቅ ነው።

የእኛም ሕግ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ያደርጋል፤ ገዥም የገዛውን እንዲመረምር ያስገድዳል። አንዱ «ተናገር» ይላል፣ ሌላው «ዓይንህን ክፈት»።

ሐቁን ለመናገር እኔ በዚያ ሰሞን ከዲዮጋንስ ጋር ነበርኩ። ሶፍትዌር እሠራለሁ። ለደንበኛ ሥራችንን ስናሳይ ዴሞ እንለዋለን፤ ዴሞ ላይ የማይሠራው ገጽ አይከፈትም። የሚሠራው መንገድ ቀድሞ ይጠናል፣ በዚያ ብቻ ይኬዳል። ማንም ሐሰት አይናገርም። ደንበኛው ራሱ ያንን ቁልፍ ልጫን ካለ ይጫን። እንዲህ ባለው ሥራ ጥቂት ዓመት የቆየ ሰው፣ ያልተጠየቀውን ያለመናገር መብቱን እንደ ሙያ ይቆጥረዋል።

ገዥው የደጀን ልጅ ነው፤ በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ። ረዳት ሆኖ ጀምሮ፣ ሹፌር ሆኖ ለሰው ሲነዳ ኖሮ፣ ከዕቁብ ያገኘውንና የወንድሙን ገንዘብ ደርቦ የመጀመሪያ የራሱን መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ነበር። አጎቴ ሊብሬውን ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ ወጣ ብሏል። ገዥው መኪናዋን ዞራት። ቀኙ በር ጋ ሲደርስ መዳፉን አሳረፈበት፤ ትንሽ ቆየ።

«ቀለሟ የራሷ ነው?»

«ፖሊሽ ብቻ ነው ያስደረግናት» አልኩት።

እስቲ ይህን ዓረፍተ ነገር እዩት። ሐሰት የለበትም። በዚያ ሳምንት ያስደረግነው ፖሊሽ ብቻ ነው። እንደ በሩ ነው፤ በአልኮል ብታብሱት የሚለቅ ነገር የለውም። ግን ለምን እንደተናገርኩት አውቀዋለሁ፤ የተጠየቅሁት ሌላ ነበር።

እሱም ዝም አለ። ሞተሯን አስነሳ፣ ሥሯ ገባ፣ መካኒክ አስመጣና ግማሽ ቀን ፈተሿት። በመጨረሻ እኛ ከጠራነው ላይ 50,000 ብር ቀንሶ ከዚያ ንቅንቅ አልል አለ። አጎቴ ደክሞት ነበር፤ ዓይኑም እንደ ድሮው ስላልሆነ መኪናዋን ከደጁ ማየት ራሱ ከብዶት ነበር። ሸጠ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አክስቴ መሳቢያ ውስጥ የመኪናዋን ትርፍ ቁልፍ አገኘችና እንዳደርስለት ሰጠችኝ። እህል በረንዳ ጭነት ሲያራግፍ አገኘሁት፤ ሻይ ጋበዘኝ። ቁልፉን ከሰጠሁት በኋላ፣ ለምን እንደሆነ ሳላስበው፣ «ያን ቀን የጠየቅከኝ በር... ተነክቶ ነበር» አልኩት።

ሳቀ። ከኪሱ አንዲት ትንሽ ማግኔት አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ከተበላሸ ስፒከር የወጣች ናት።

«እኔ ይቺን ሳልይዝ መኪና አላይም። ሌላው ቦታ ላይ ጥብቅ አለች፤ በሩ መሃል ላይ አልይዝ አለችኝ። ስቱኮ መሆኑን ያኔውኑ አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ጠየቅከኝ?»

«በሩንማ አውቄው ነበር። የማላውቀው እናንተን ነበር።»

መልስ አጣሁ። እሱ ግን ቂም ያለው ሰው አይመስልም ነበር፤ የሥራ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው ነው የቀጠለው። «50,000 የቀነስኩት ለበሩ አይደለም። በር ምን አለው? የሚቀባ ነገር ነው። የቀነስኩት ለማላየው ነው። ሞተሩን ከፍቼ ማየት አልችልም። ዘይቱን በጊዜው ትቀይሩ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? የማየውን ነገር ጠይቄህ ሌላ ከመለስክልኝ፣ የማላየውን ምን ብዬ ልመንህ?»

አለቃ ከፊት ላሜራዋ ላይ የመረጧት አንድ ክንድ የማትሞላ ቦታ ትዝ አለችኝ። ሙሉ መኪናውን ከመንካት በፊት የሚጠየቀው ቦታ። ሰውዬው በሩን አልነበረም የፈተነው፤ እኔን ነበር። በሩ የእኔ የሙከራ ቦታ ነበር።

እዚህ ላይ ቶሎ ብሎ «ስለዚህ እውነት መናገር ያተርፋል» ብሎ መዝጋት ይቻላል። እኔ ግን ያንን አላምንም። ያቺ ማግኔት ባትኖር ኖሮ 50,000 ብሩ በእጃችን ይቀር ነበር፤ እሱም ምናልባት እስከ ዛሬ አያውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ነገር ግን ሳይጠራ የሚቀር ስንት እውነት አለ። ያደረግሁት ነገር ስህተት የሆነው ስለተነቃብኝ አይደለም። ኪሳራውን ከሂሳቡ አውጥተን ብናየውም ስህተቱ እዚያው ይቀራል።

ስህተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሰው ዕቃ ሲገዛ የሚያየው ቆዳውን ነው፤ የሚገዛው ግን ውስጡን ነው። የሚታየው ስለማይታየው ምስክር እንዲሆነው ይፈልጋል፤ ሌላ አማራጭም የለውም። መኪና ብቻ አይደለም፤ ሐኪም፣ መምህር፣ ዳቦ፣ የትዳር ጓደኛ ሁሉ እንዲሁ ነው። ሁሉንም ነገር ገልጠን አይተን አንጨርስም፤ ትንሽ ቦታ እንጠይቅና የቀረውን እናምናለን። ስለዚህ ላይኛውን ገጽ የሚያሳምር ሰው፣ ወደደም ጠላ፣ ስለ ውስጡ እየመሰከረ ነው። አለቃ ጋቢናውን ሲወለውሉ የመሰከሩት እውነት ነበር፤ ከዚያ አመድ ሥር በእርግጥ ጤነኛ ሰማያዊ ነበረ። እኔም በሩን ስወለውል ገና አልዋሸሁም። ውልወላው ውሸት የሆነው ስጠየቅ ነው፤ በእጄ የሠራሁትን ብልጭታ በአፌ መጋረጃ ሳደርገው። ለካ የመጀመሪያው ቀን መልሴ የጎደለው ይህ ነበር። ብልጭታ ሐቀኛ የሚሆነው ስለተከፈለበት ብቻ አይደለም። ያሳመረው ሰው፣ የሚጠይቅ ሲመጣ፣ ከሥሩ ያለውን ለመናገር ዝግጁ መሆን አለበት። ዲዮጋንስ ዝም የማለት መብት ይኑረው፤ እኔ ግን ዝም አላልኩም። ዝም ብልማ ኖሮ ሰውዬው ከዝምታዬ አንድ ነገር ይረዳ ነበር።

የተጎዳውስ ማን ነው? ገዥው አይደለም፤ እሱ ራሱን ጠብቋል። የተጎዳው አጎቴ ነው። አጎቴ ዘይት የቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በደብተር እየጻፈ የኖረ ሰው ነው። የሞተሩ ጤንነት እውነት ነበር፤ ዓመታት የተከፈለበት እውነት። በእኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ያ ሁሉ እውነት የሚያምነው አጣ። ደብተሩን ለገዥው ሲያሳየው አስታውሳለሁ፤ ሰውዬው ገለጥ ገለጥ አድርጎ መለሰለት። ያኔ ለምን ግድ እንዳልሰጠው አልገባኝም ነበር።

በዚያ ቀን ማታ አጎቴ ቤት ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። 50,000 ብሩን ስነግረው የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣም። ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«እኔን ቢጠይቀኝስ ኖሮ ምን የምለው ይመስልሃል?» አለኝ።

«እውነቱን ትነግረው ነበር፣ ጋሼ።»

ወዲያው አልመለሰልኝም። ከዚያ፣ «እንጃ» አለ፤ «ፖሊሽ አስደርጋት ብዬ የላክሁህ እኮ እኔ ነኝ።»